በረዶና ጭጋግ

ደባርቅ ውስጥ በገና ጨዋታ ደመወዝ የበላ የመጀመሪያው ሰው ጓደኛዬ ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ያንገበግበኛል። እኔም ከእሱ እኩል እመታ ነበርና።

እኩል የምለው ለራሴ አዳልቼ አይደለም። በእኛ ሜዳ ቡድን ሲከፈል በአቅም የሚመጣጠኑ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ገለል ይሉና የሚስጥር ስም ይከፋፈላሉ። ተመልሰው አንደኛውን የቡድን አባት ያስመርጡታል፤ የየትኛው ስም ባለቤት ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። የተመረጠው ከእሱ ጋር፣ የቀረው ከባላጋራው ጋር ይሰለፋል። እኔና ጓደኛዬ ከልጅነታችን ጀምሮ አቻ ስለነበርን አንድ ቡድን ገብተን አናውቅም። ያደግነው በቆልማማ ዱላችን የእንጨት ኳሷን፣ ሩሯን፣ እየተነጣጠቅን ነው።

አንድ ዓመት በገና በዓል ከጎንደር አንድ አዛውንት መልማይ መጡ። ለባህል ስፖርት ቡድናቸው የቀራቸው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ሲመሽ ሁለታችንን ጠሩን።

"ልጆቼ፣ የትኛችሁን ትቼ የትኛችሁን ልውሰድ? በሉ እንደ ደንባችሁ ስም አውጥታችሁ ኑ" አሉን።

ከሜዳው ዳር ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ሄድን። ከሊማሊሞ በኩል ጭጋጉ ሽቅብ እየመጣ ነበር። "አንተ ቅደም" አለኝ። ዓይኔ ያየውን ጭጋግን ወሰድሁ፤ እሱ በረዶ ሆነ።

ተመልሰን "አባባ፣ በረዶ ይሻልዎታል ጭጋግ?" አልናቸው።

"በረዶ" አሉ፣ አፍታ እንኳ ሳያስቡ።

እሱ ቱታ ለብሶ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ሲል እኔ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ እየጫንሁ ስሜን ተራሮች ውስጥ ወዳለው ጨነቅ ሰፈር እመላለስ ነበር። መንገዴ ላይ ባለችው አምባራስ መንደር አንዲት እናት "ደባርቄ ከሆንህማ ያን ሩር መቺ ታውቀዋለህ?" ቢሉኝ "አላውቀውም" ብዬ በቅሎዬን ነዳሁ። ሚስቴ እንኳ በቴሌቪዥን ስታየው "እንዴት አምሮበታል!" አለች። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ዘንድሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ተመለሰ። አንጀቴ የሚርስ መስሎኝ ነበር። ግን እያነከሰ ቢመጣም ሰዉ ሁሉ ከበበው፤ ወንበር የሚያቀርብለት በዛ።

"እዚያ ስድብ ክልክል ነው፤ ዳኛው ያስወጣሃል" አለኝ የገና ዕለት፣ ሜዳው ዳር ተቀምጠን። "የሚሰድበኝ አጥቼ ኖርሁ እኮ።"

"በል ተነስ አንተ ሽባ! ዝናህ ከእግርህ ቀድሞ መጥቶ አንተ ገና መንገድ ላይ ነህ!" አልሁት።

በገና ሜዳ ስድብ ጨዋታ ነውና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

የቡድን አባቶቹ ጎረምሶች ናቸው፤ አንደኛው የእኔው የበኩር ልጅ ነው። ጓደኛዬ እያነከሰም ልጫወት ብሎ ተነሳ፤ አቻ ሲፈለግለት ሁሉም ወደ እኔ አየ። ተያይዘን ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄድን።

"በረዶ የእኔ ነው" አልሁት፣ አፉን ሳይከፍት።

"ይሁንልህ" አለኝ።

ተመልሰን ልጄ ፊት ቆምን። "በረዶን ትወስዳለህ ጭጋግን?" አልሁት።

ልጄ ትንሽ አሰበ።

"ጭጋግን" አለ።

ጓደኛዬ እያነከሰ ወደ እሱ ሄደ፤ ልጄም ትከሻውን አቀፈው። እኔ ዱላዬን አንስቼ ወደ ማዶው ቡድን ተሻገርሁ።