የተሟሸው የቡና ገንዳ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ ባለው የግንባታ ዕቃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ኢንጂነር ደረጀ የተሰበረ የኮንክሪት ቁራጭና አጉሊ መነጽር ሰጠኝ።

"ምን ይታይሻል?"

"ኮንክሪት" አልኩት።

"እሱንማ ሚስማር ሻጩም ያውቀዋል። ቀዳዳውን እይ።"

አየሁ። ጉድ ነው! ድንጋይ ነው ብዬ ስረግጠው የኖርኩት ነገር ውስጡ እንደ ዳቦ ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ አየር የያዘው ነው፤ አብዛኛው ግን ሲቦካ የተረፈው ውሃ ወጥቶ የተወው መንገድ ነው። ያን ቀን ምሳዬን ረስቼ ቁራጭ ስሰብር ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ናሙናውን በምድጃ አደርቃለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ መልሼ እመዝናለሁ። የጠጣው ውሃ የቀዳዳውን ብዛት ይነግረኛል። ባለቤቴ "ከእኔ ይልቅ ለድንጋይ ታስቢያለሽ" ይለኛል። አልዋሸም።

ከሁሉ የማልረሳው የቴፒውን ገንዳ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ የሚባሉ ነጋዴ አዲስ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አሠሩ። ገና ቡና ሳይታጠብበት የኮንክሪት ገንዳው ግድግዳ በእጅ ሲታሽ አሸዋ ይረግፍ ጀመር። ቢሯችን መጥተው "ፎርማኑ ሲሚንቶዬን በልቶ ነው፤ ማስረጃ ስጡኝና ልክሰሰው" አሉ።

ከኢንጂነር ደረጀ ጋር ቴፒ ስንደርስ ፎርማኑን፣ ኢያሱን፣ ገንዳው ዳር ቆሞ አገኘነው። "እህቴ፣ ሥራ የሚሰጠኝ ጠፍቷል። ልጆቼም የሌባ ልጅ እየተባሉ ነው" አለኝ። አንጀቴን በላው።

ግድግዳውን ከውስጥ እስከ ውጭ በማሽን ሰርስረን ናሙና አወጣን። ሰንጥቄ የመመርመሪያውን ፈሳሽ ረጨሁበት። ደህና ኮንክሪት በዚህ ፈሳሽ ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ አሲድ የበላው ግን ቀለሙን አይቀይርም። ቦግ አለ። በገንዳው ውስጥ በኩል ያለው ስስ ክፍል ብቻ ግራጫ እንደሆነ ቀረ።

ልቤ ዘለለ። ሲሚንቶ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ሁሉ እኩል ቀዳዳማ በሆነ ነበር። ይሄን የበላው ከገንዳው በኩል የገባ አሲድ ነው።

"ኢንጂነር፣ ሰውየው ንጹህ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ቀስ በይ፣ ጆሮዬን" አለኝ፤ እሱም ግን ይስቅ ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይን ገንዳው ውስጥ ምን አስቀምጠው እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"ምን አስቀምጣለሁ? አዲስ ስለሆነ አሟሸሁት እንጂ።"

"በምን?"

"በቡና እጣቢ። ከአሮጌው ጣቢያ አስቀድቼ ሞላሁት፤ እስኪኮመጥጥ ለሳምንታት ተውኩት። አዲስ ጋን ሳይሟሽ ይሠራበታል እንዴ?"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ጋን ሲሟሽ ቀዳዳው ይደፈናል፣ እውነታቸውን ነው። ሲሚንቶን ግን ኮምጣጣ ነገር ያሟሟዋል፤ ቀዳዳው ጭራሽ ይሰፋል። ቁራጩን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ይህንኑ አስረዳኋቸው። ግራጫውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፤ ረገፈ። ሮዙን ጫሩት፤ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ሠራተኛው ወደተሰበሰበበት ሄዱ። "ኢያሱ ሲሚንቶዬን አልነካም። ገንዳውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌባ ያልኩት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቀው በሰው ፊት ነው" አሉ።

ኢያሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ኢንጂነር ደረጀ ማሽኑን የሚጠርግ መስሎ ዞረ።

ለአዳዲስ ቴክኒሻኖች የምለው ይህን ነው፦ ግድግዳ ሲረግፍ መጀመሪያ ናሙና ቁረጡ። ሰው መክሰስ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።