ለእህቴ ያልተረጎምኩት

መጀመሪያ ያየሁት ትራሱን ነው። እህቴ ዘነበች በአንድ ትራስ መተኛት አቅቷት ሁለት ደረበች፣ ከዚያ ሦስት። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ያለችው ክፍላችን ፎቅ ላይ ናት፤ ያቺን ደረጃ ስትወጣ ሦስቴ ታርፋለች። “ወፈርኩ መሰለኝ” ትላለች። እኔም “ታዲያ ቀንሺ” እላታለሁ። ልብ ነው ብሎ ማን ያስባል? ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።

ኤኮ የሚባለው የልብ ምርመራ ነገሩን አወጣው። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ሩማቲክ የሚሉት የልብ በሽታ ሆኖ ማይትራል የሚባለውን የልቧን ቫልቭ አጥብቦታል፤ ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት በሚገባ ካቴተር በሚሉት ቀጭን ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ባለ ፊኛ ማስፋት ይቻላል አሉን።

ካርቱም ያመጣችኝ፣ ሰው ቤት እየሠራች ሁለተኛ ደረጃ ያስጨረሰችኝ እሷ ናት። የእኔ ዐረብኛ የትምህርት ቤት ነው፤ የእሷ የወጥ ቤትና የገበያ። ስለዚህ ሐኪም ፊት አፏ እኔ ነበርኩ።

የማደንዘዣ ሐኪሟ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። “ስሚኝ ያ ቢንቲ” አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። “ሁለት መንገድ አለ። ሙሉ ማደንዘዣ ከሰጠናት ምንም አታውቅም፤ ግን ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶ ማሽን ነው የሚተነፍስላት። ሌላው ሴዴሽን ነው፤ በመድኃኒት እናረጋጋታለን፣ ብሽሽቷን ብቻ እናደነዝዛለን። ታንቀላፋለች፣ ግን ትሰማናለች። ልቧ ሲዘል ሊሰማት ይችላል። ለእሷ ይሄኛው ይሻላል፤ ብቻ መንቀሳቀስ የለባትም። ይህን በደንብ ንገሪያት።”

ዘነበች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። “ምን አለች?”

“ትተኛለሽ አለች። ስትነቂ አልቋል።”

“ይሄን ሁሉ አውርታ ይቺን ብቻ?”

“ሐኪም ሲያወራ ያረዝማል እታለም፣ አታውቂያቸውም?”

ሳቀች። ፈረመች።

እኛ ቤት በሽተኛ እንዳይሸበር ይደበቃል፤ እንደዛ ነው ያደግነው። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። የሱዳን ፕሬዝዳንት ከሥልጣን ወርደው አገሩ ገና ያልረጋበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ሰልፍ፣ ነገ መንገድ ዝግ። ቀጠሮዋ ሁለቴ ተሰርዟል። ፈርታ እምቢ ብትልስ? አልኩ።

በቀኑ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቶ ረክሻው፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ከመሃል አወረደን። ደግፌያት በእግር ሄድን። መንገድ ላይ ቆም አለችና “እውነት ምንም አልሰማም አይደል?” አለችኝ።

“ምንም” አልኳት። ሁለተኛ ዕድል ነበር፤ እሱንም ጣልኩት።

ሆስፒታል ደርሰን እሷን አስገቧት፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ። የሆነውን ኋላ ነው የነገሩኝ።

ነቃች። ዐረብኛ ሰማች። ልቧ ሲዘል ተሰማት። ማደንዘዣው ያለቀባት መሰላት። አትንቀሳቀሺ ብለው ጮኹ። ጩኸቱ አባሰባት። ልትነሳ ሞከረች። የካቴተሩ ሽቦ ልቧ ውስጥ ነበር።

ልቧ ተበሳ። ደም ዙሪያውን ባለው ከረጢት ተጠራቀመ። በመርፌ ቀዱት። በጥድፊያ ሙሉ ማደንዘዣ ሰጧት፣ ቱቦ አስገቡ። ፊኛው ሳይነፋ ቀረ።

የማደንዘዣ ሐኪሟ ወጥታ “ነግረሻት ነበር?” አለችኝ።

“አልነገርኳትም” አልኩ።

“ሳይንቀሳቀስም የሚበሳበት ሰው አለ” አለች። ልታጽናናኝ ነው። አላጽናናኝም።

አራት ቀን አይ.ሲ.ዩ.፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ተኛች። ቱቦው ሲወጣ፣ በሻከረ ድምፅ፣ “ስትነቂ አልቋል አላልሽኝም?” አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ፣ ሠላሳ ዓመት ካርቱም የኖሩትን ጎረቤታችንን ወይዘሮ ጽጌን ይዛ ገባች። እሳቸው አንድም ቃል ሳይቆርጡ እንደተረጎሙላት፣ እሷም ልብ ሲዘል ምን ምን እንደሚል፣ ቢያማት በምን ምልክት እንደምትናገር ሁሉ ጠይቃ ሴዴሽኑን ራሷ እንደመረጠች ከወይዘሮ ጽጌ ሰማሁ። ድንጋይ ሆና ተኛች አሉ። ቫልቩ ሰፋ፣ በማግስቱም ኮሪደሩን ሳታርፍ ጫፍ ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

ሁለቴ የደከሙላትን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ወይዘሮ ጽጌንም እግዜር ይስጥልኝ። ለታመመ ሰው የምታስተረጉሙ ሁሉ፣ ይተኛል ወይስ ያንቀላፋል ብላችሁ ጠይቁ። ይሰማል ካሏችሁ ምን እንደሚሰማ ንገሩት። ይፈራል፣ ይፍራ። የሚተኛው እሱ ነው። እኔ ለእሷ አዝኜ ነው ስል ከርሜ ነበር፤ ውሸቴን ነው። ፍርሃቷን ቁጭ ብዬ ማየት ሰልችቶኝ ነው።

አሁን ጀሪፍ ሰፈር ወዳለው ሥራዋ ተመልሳለች። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌዋን ትወጋለች፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪኗን አትረሳም፣ ከእኔም ጋር ትስቃለች። ለክትትል ስንሄድ ግን የምትጠራው ወይዘሮ ጽጌን ነው። ባለፈው የሐኪሙ በር ሲከፈት ደፈር ብዬ “ዛሬ እኔ ልግባ እታለም?” አልኳት።

“አንቺ ቦርሳዬን ያዢልኝ” አለችኝ።

ይዤ ደጅ ተቀመጥኩ።