የጥበቃው ዝናብ

ጂኦግራፊ ላስተምር ጅማ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አሥረኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ «የአየር ንብረት» ብዬ ጻፍኩ። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ከኋላ ወንበር የአንድ ልጅ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር፣ አየር ምን ንብረት አላት? ቤት ነው መኪና?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ልጁ አልተሳሳተም፤ «የአየር ሁኔታ» እና «የአየር ንብረት» ስማቸው እንደ መንታ ይምታታል። ሁኔታ የዛሬና የነገ ነው፤ ንብረት ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ታይቶ የሚታወቅ የአገሩ ጠባይ ነው ብል ማን ይስማኝ። በመጨረሻ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ እስክሪብቶዋን ሻሿ ውስጥ የምትሰካ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ዛሬ ዣንጥላ ልያዝ ወይስ ልተወው የሚለው ሁኔታ ነው። ጅማ ውስጥ ዣንጥላ የሚሸጥ ሱቅ ለምን በዛ የሚለው ደግሞ ንብረት ነው» አለች።

እሷ ካለችው የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

በዚያው ሳምንት የዝናብ መለኪያ ሠራን። የውሃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠን፣ ገልብጠን መልሰን ከተትነው፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጠፍንበት፤ ግቢው ውስጥ ገላጣ ቦታ ፈልገን በድንጋይ አስደገፍነው። ባለ ሻሿ ልጅ መዝጋቢ ሆነች። መስከረምና ጥቅምት ደህና ዘነበ፤ ልጆቹም ጠዋት ጠዋት እየተጋፉ ያነብቡ ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ሰማዩ ነጠፈ። ዜሮ። በማግስቱም ዜሮ። የሰው ሞት የተረዱ ይመስል ተክዘው ክፍል ይገባሉ።

ከዚያ አንድ ሰኞ መዝጋቢዋ ደብተሯን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ውሃ አለ! መሬቱ ግን አቧራ ነው። ዝናቡ ፕላስቲኩ ላይ ብቻ ነው የዘነበው!»

«ክላይሜት ቼንጅ ነዋ!» አለ ያ የኋላ ወንበር ልጅ። የቤት ሥራ ያልሠራ ቀንም የሚያላክከው በዚሁ ነበር።

ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። በሳምንቱ ሰኞ እኔና መዝጋቢዋ ማልደን መጥተን ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተደበቅን። ብዙም አልቆየን፤ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ብቅ አሉ። ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የደዶ ሰው ናቸው፤ ነጭ ኮፊያቸውን የማያወልቁ፣ ከተማሪ ሁሉ ጋር የሚቀልዱ ሽማግሌ። ለሶላት የሚታጠቡባትን ማንቆርቆሪያ ይዘዋል። ግራ ቀኝ አዩ፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ቀዱ፤ ጎንበስ ብለው ማስመሪያውን አነበቡ፤ አልበቃ ብሏቸው ጠብታ ጨመሩ።

«አባባ!» አለች ልጅቷ።

«ያ አላህ! ማሎ፣ እባክሽ፣ ልቤን አቆምሽው እኮ!»

«ምን እያደረጉ ነው?»

ማንቆርቆሪያዋን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ዝናብ» አሉ።

ከንፈሬን ነከስኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አስተማሪ፣ ወላሂ ለክፋት አይደለም። እነዚህ ልጆች በየቀኑ ማልደው እየመጡ ዜሮ ሲያገኙ አንጀቴ አልቻለም። ሰው እንዲህ ለፍቶ ዜሮ ያገኛል?»

«አባባ፣ ዜሮው እኮ የእነሱ ውጤት አይደለም» አልኳቸው። «ሰማዩ ዛሬ ዝም አለ ማለት ነው። ዝም ያለበትን ቀን በትክክል ካልጻፍን፣ የዘነበበትንም ማንም አያምነን።»

«ዝም ማለትም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»

ልጅቷ እንደ መርማሪ ፖሊስ ደብተሯን ገለጠች። «እስካሁን ስንት ቀን አዘነቡ?»

«ሰኞ ሁለት ሲኒ፣ ሐሙስ ሦስት። ዛሬ ገና መጀመሬ ነበር።»

ቁጥሮቹን አልሰረዘቻቸውም፤ እንዲነበቡ አድርጋ በቀጭን መስመር አቋረጠቻቸውና ጎናቸው «በጥበቃ የዘነበ» ብላ ጻፈች። ማንም አላስተማራትም።

ሽማግሌው ይህን ሲያዩ እጃቸውን ሰጡ። «የአየሩን ጠባይ ነው የምትፈልጉት? እንግዲያው ቅዳሜ ደዶ ኑ፤ እኔ የማውቀውን ላሳያችሁ።»

ቅዳሜ አምስት ተማሪዎችና አንድ ቴርሞሜትር ይዤ ሄድኩ። ማሳው አብረውን የወጡት የታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ከሸለቆው ተነስቶ ተራራው ላይ ይወጣል። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ዳገት አይበግረኝም ብዬ ስፎክር ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለከልክ እሳቸው ከላይ ሆነው «አይዞሽ፣ ደረስሽ» ይሉኛል። ቴርሞሜትሩ በወጣን ቁጥር ወረደ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«በልጅነቴ ከዚህች ድንጋይ በላይ የሚበቅለው ገብስ ነበር። ቡና ብንተክል ብርዱ ይገድለው ነበር። አሁን እዩ።»

ከድንጋዩ በላይ የቡናው ፍሬ ቀልቶ ቅርንጫፉን አጉብጦታል።

«በእግሩ ነው የወጣው?» አለ የኋላ ወንበሩ ልጅ።

«ላኪ! አይደለም። ያወጣውስ ሰው ነው። ሙቀቱ ግን ቀድሞ ወጥቶ ጠበቀው።»

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ያንን ሙቀት አስረዳኋቸው፦ ከመኪናው፣ ከፋብሪካው፣ ከሚቃጠለው ደን የሚወጣው ጋዝ ምድር ላይ እንደ ጋቢ ይደረብባታል፤ የፀሐይ ብርሃን ይገባል፣ ሙቀቱ ግን እንደ ልቡ አይወጣም። ደግሞም የአንድ ማሳና የአንድ ሰው ትዝታ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን፣ የብዙ ቦታና የብዙ ዓመት መዝገብ እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ይቀየሙኛል ብዬ ፈራሁ።

«ልክ ነው» አሉ። «በአንድ ምስክር አይፈረድም።»

መዝጋቢዋ ወደ ጫፉ ቀና ብላ አየች። «ሙቀቱ ሲጨምር ቡናው ወደ ላይ ይወጣል። ተራራው ሲያልቅስ ወዴት ይሄዳል?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ ወንድማቸው ዞሩና በኦሮምኛ ይወርዱባቸው ጀመር። ልጆቹ እየሳቁ ተረጎሙልኝ፦ ወንድምየው ለበቆሎ ብለው የታችኛውን ማሳ የጥላ ዛፍ ቆርጠዋል፤ «ቡናውን ራስህ ፀሐይ ላይ አስጥተህ ምን ታማርራለህ?» እያሏቸው ነው። ስንወርድ ተማሪዎቹ ቴርሞሜትሩን ተርፎ በቆመው ዋንዛ ጥላ ሥር ሰቀሉት፤ ቆይተው ገላጣው ላይ ካነበቡት ጋር አስተያዩት። ወንድምየው ጠጋ ብለው ልዩነቱን በገዛ ዓይናቸው አዩ።

ሰኔ ላይ ወንድምየው ራሳቸው አስጠሩን። ሃያ የዋንዛ ችግኝ አዘጋጅተው ጠበቁን፤ ዛፍ ጥላ ከመስጠቱም በላይ ያንን ጋዝ ከአየር ወስዶ ግንዱ ውስጥ ያስቀምጣል ብዬ ስነግራቸው «ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?» አሉኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ተከልኩ፤ አንድ ጫማዬን እዚያው አስቀርቻለሁ። ከሃያው ሁለቱ ደረቁ፤ አንዱን ፍየል በላችው። የቀሩት ዛሬ ከእኔ ቁመት አልፈዋል።