ቁጥር ዐሥራ አንድ በሰሊጥ ማሳ

ወንድሜ ባየልኝ መቀመጥ አያውቅም። እኛ ምሳ ስንበላ እሱ ቆሞ ይጎርሳል፤ ስናወራ ይንጎራደዳል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ነውና ሲንጎራደድ ቤቱ ይጠብበኛል። "እባክህ አንዴ ዐረፍ በል" እለዋለሁ። "እሺ ስርጉት" ይላል፤ ዞር ስል በሩ ላይ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ገንዳ ውሃ ከተማ ተማሪ ሳለ ለውድድር ጎንደር ሄዶ አንድ አሠልጣኝ ቁመቱን አየና አዲስ አበባ ወሰደው። ሰባት ዓመት በደመወዝ ቅርጫት ኳስ ተጫወተ። ከዚያ የካርቱም ክለብ ጠራው። እዚያ ማልያው ቁጥር ዐሥራ አንድ ነበር፤ የሰፈር ልጆች ስሙን ትተው በቁጥሩ ይጠሩት ነበር። የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ጉልበቱ እንደታመመ፣ ማልያውን በፌስታል ይዞ፣ ከድንበሩ ማዶ ባለችው በጋላባት በኩል በእግሩ ገባ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር።

የቡድን ጓደኛው አብዱልሀኪም ፖርት ሱዳን ቀረ። "ክለቡ ሲሰበሰብ እደውልልሃለሁ" አለው። በቃ፣ ወንድሜ በዚህች ቃል ሁለት ዓመት ልቡ ተሰቅሎ ኖረ። የሱዳን ሲም የሚይዘው ድንበሩ አጠገብ ብቻ ነው፤ የእኛ ማሳ ደግሞ እዚያው መተማ ዮሐንስ ዳር ነው። ለእርሻው መጣልን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ የሚመጣው ለኔትወርኩ ነው። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲቆም፣ ከጎጃም ለአጨዳ የመጣው ሠራተኛችን ያረጋል "ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው እያሉ አንቴና ለምን ያስፈልጋል?" ይለዋል።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደረቀ። የደረቀ ሰሊጥ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቅህ። ትንሽ ካዘነበልኸው ፍሬው መሬት ላይ ነው፤ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ደግሞ የዋጠውን አይመልስም። ስለዚህ ነዶውን ቀጥ አድርገህ ትሸከምና ሸራው ላይ ስትደርስ ትደፋዋለህ። እኔ በዚህ ነገር ምሕረት የለኝም። ሰው ፍሬ ሲያፈስ ጩኸቴ ጋላባት ይሰማል።

ባየልኝ አንድ ነዶ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ሲመጣ ደረት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራ አቆሙ። ያን ስልክ የማያውቅ የለም። ነዶውን አስቀምጠህ ስልኩን አንሣ ልለው ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ። ለሰሊጡ ሳስቼ ነው፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ወንድሜ ነዶውን ሳያዘነብል ሸራው ድረስ ሄደ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ነዶውን ደፍቶ ፍሬውን እስኪጨርስ አራገፈና ከዚያ በኋላ መልሶ ደወለ።

አብዱልሀኪም ነበር። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል፤ ዓረብኛውን ድንበር ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ክለቡ ተሰብስቧል አለ። ወንድሜ ሳቀ፤ ሲስቅ ካየሁት ሁለት ዓመቴ ነው። "ጉልበቴ ድኗል" አለው። ውሸቱን ነው፤ ማታ ማታ የማሽለት እኔ ነኝ።

አብዱልሀኪም ግን ቀስ ብሎ ጠየቀው። አዲስ የመጣ ልጅ ዐሥራ አንድ ቁጥርን ይፈልጋል፤ አንተን ሳንጠይቅ አንሰጥም ብለናል፣ ትፈቅዳለህ?

ወንድሜ ወደ ድንበሩ ዞረ።

"ስጡት" አለ።

ስልኩን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠና ቀጣዩን ነዶ አነሣ። እንደ ወትሮው ቀጥ አላደረገውም። ሸራው ጋ ሳይደርስ ግማሹ ፈሰሰ። ያረጋል ጩኸቴን እየጠበቀ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የሸራውን ጫፍ ይዤ ወደ ወንድሜ ጎተትሁለት።