በምረቃ ሰሞን ሁለት ደረቅ ክፍሎች

መቱ ውስጥ እኔ በር ያልገጠምኩለት ሆቴል ጥቂት ነው። ጉራ አይደለም፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። የእኔ በር በክረምት አብጦ አይነክስም፣ በበጋም ተኮማትሮ ብርሃን አያሾልክም። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት እንኳ እናቴ የግድግዳው ጭቃ እንዳይረግፍ ብላ ከለጠፈችው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ሒሳብን ከጣውላ ተማርኩ። ዘመኑ ተለውጦ የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ሁሉ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲሆን፣ እኩዮቼ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈልጉ እኔ የልጄን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩና ከእሷ እኩል ጨረስኩ። እዚሁ አጠገባችን ጎሬም ሆነ ቡሬ ስሄድ ሰው ከመቀመጫው ይነሳልኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምተርከው ነገር ሌላ ሰው ቢገጥመው ኖሮ ምን ይውጠው እንደነበር አንባቢ እንዲያስበው ነው።

ያቺ ከእኔ ጋር ቁቤ የተማረችው ልጄ፣ አንድ ልጄ ናት፣ አዲስ አበባ አግብታ ሁለት ወልዳለች። ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ገና ሦስት አልሞላውም፤ አስም አለበት። ከዚህ ቀደም አንድ ክረምት መጥተው እኛ ቤት አድረው ነበር። ቤቴ በአንድ በኩል የጣውላ ብናኝ ነው፣ በሌላ በኩል ሚስቴ የምታከማቸው ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና አለ። ሕፃኑ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጭ ጀመር። ሆስፒታል አደረ፤ ሻል ሲለው ወዲያው ይዘውት ሄዱ። አማቼ ሲሰናበተኝ አልተቆጣም። መቱ መምጣት ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ የልጅ ልጆቿን የምታገኛቸው በስልክ ብቻ ነበር፤ ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ትወስዳለች።

ሰኔ ላይ ልጄ ደወለች።

«አባባ፣ ትምህርት ሲዘጋ ለሳምንት ልንመጣ ነው። የሶርን ፏፏቴም ልጆቹ ይዩት ብለናል። ግን ቤት አናድርም። ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ያስፈልገናል፤ ሻጋታ የሌለበት፣ መጠጥ ቤትም ከሥሩ የሌለ።»

«ባይገኝስ?»

«ሐዋሳ እንሄዳለን። ባሌ አንዴ እሺ ያለው በስንት ልመና ነው። ይህ ከተበላሸ ከእንግዲህ መቱ የሚል ቃል አያስነሳኝም። የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ።»

«የምታወሪው ከአባትሽ ጋር ነው። ተይዟል በይ!» አልኳትና ዘጋሁ።

ወዲያው ዣንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። አልጋ ሲያሳዩት ሰው አንሶላውን ነው የሚያየው። እኔ ፍራሹን አንስቼ እጄን ከሥሩ እሰዳለሁ፤ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ አሸታለሁ። የእኛ አገር እርጥበት የሚደበቀው እዚያ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሆቴል ንጹሕ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ግሮሰሪ ሙዚቃ ግን አልጋውን ያንቀጠቅጠዋል። ገበያው አጠገብ ያለው ፎቅ ደረቅ ነው፤ የበረንዳው ብረት ግን ክፍተቱ የሕፃን ራስ ያሾልካል። በጎሬ መውጫ ያለው፣ ግቢው ዛፍ የሞላበት ባለ አንድ ወለል ሆቴል ግን ለልጆች የተሠራ ይመስላል። ከዳር ያሉት ሁለት ክፍሎች ፀሐይ ያገኛቸዋል፣ መሐላቸው የሚያገናኝ በር አለ፣ ወጥ ቤቱም ከእነሱ ይርቃል።

«እነዚህን ሁለቱን ለልጅ ልጆቼ» አልኳት የእንግዳ መቀበያዋን ሴት።

«እሺ ጋሼ! ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ለማንኛውም ብዬ ሌሎቹ ሁለት ሆቴሎችም እንዲይዙልኝ ነገርኳቸው። እነሱም «እሺ ጋሼ» አሉ። ቀብድ አልሰጠሁም። ቀብድ የሚያስይዘው ቃሉ የማይታመን ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲው ምረቃ በዚያው ሳምንት እንደሚውል ብሰማም ቀድሜ የያዝኩት እኔ፣ ምን ያስጨንቀኛል?

የሚመጡበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጄ ከበደሌ ደወለች። ዝናብ ይዟቸዋል፤ ደኅና ናቸው። ቁልፉን ልቀበል ወደ ጎሬ መውጫ ሄድኩ። ግቢው ሱፍ በለበሱና አበባ በያዙ ሰዎች ተሞልቷል። ሴትየዋ ስታየኝ አንገቷን ሰበረች።

«አካም ጂርቱ ጋሼ…»

«ደኅና ነኝ። ቁልፉን።»

«ክፍል ሂንጂሩ ጋሼ። አንድም የለም። የምረቃ እንግዳ ከወር በፊት ከፍሎ ይዞታል።»

«እሺ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ታዲያ ምን ልበልዎት? ለእርስዎ ዕድሜ ሰው ፊት ለፊት እምቢ ይባላል እንዴ? ሲቀርብ ደውለው የሚጠይቁ መስሎኝ ነው እኮ!»

ባጃጅ ይዤ ወደ ገበያው ፎቅ በረርኩ። እዚያም እሺ ያሉኝ ለአክብሮት ነው። መናኸሪያው ጋ ያለው ሰውዬማ ወንበር አቅርቦልኝ፣ ሻይ አዝዞልኝ፣ ከዚያ ነው የለም ያለኝ። ከተማው እንዲህ ያከብረኛል፤ ያን ዕለት ግን ክብሩ ልጆቼን ደጅ ሊያሳድርብኝ ነበር።

ሻዩን ሳልነካው ስልኬ ጮኸ። አማቼ ነው። ከኋላው ሕፃኑ ሲያስል ይሰማኛል።

«አባባ፣ ያዮ ደርሰናል። መስኮት ዘግተን ስለመጣን ነው መሰለኝ ልጁ ማሳል ጀምሯል። ክፍሉ አለ አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ። ከሌለ ከዚሁ ዞሬ በደሌ አሳድረዋለሁ፤ ነገም እንመለሳለን።»

«ቁልፉ እጄ ላይ ነው» አልኩት። እጄ ላይ የነበረው ዣንጥላ ነው።

ከያዮ በኋላ የሚቀረው ሁሩሙ ነው፤ ሁሩሙ ማለት ደግሞ ደጃችን ነው። ባጃጁን አዙሬ ወደ ጎሬ መውጫ ተመለስኩና ማንንም ሳላናግር የዳሩን ክፍል አንኳኳሁ። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመሐል በሩ ደግሞ ሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸው ብቅ አሉ። ሁለቱንም ክፍል የያዙት እነሱ ናቸው፤ የታናሽ ወንድማቸውን ምረቃ ሊያዩ ከጎጃም የመጡ።

«ጤና ይስጥልኝ። ወደ ቤቴ ልወስዳችሁ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«እንተዋወቃለን?» አሉ ሽማግሌው።

«አንተዋወቅም።»

«እንግዲያ ምን አጥፍተን ነው?»

«ምንም። ቤቴ ሰፊ ነው፣ አልጋ አለ፣ የሚስቴን ወጥ የቀመሰ ይመሰክራል። እስክትሄዱ ድረስ እንግዶቼ ሁኑና እነዚህን ክፍሎች ለሚመጡብኝ እንግዶች ልቀቁልኝ።»

«በነጻ?» አለ ትልቁ ልጅ። «አባባ፣ እንዳይሰሙት! በነጻ አልጋ የሚሰጥ የከተማ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ሰባኪ።»

«ሌባ ብሆን በዚህ ዕድሜዬ በዝናብ አልዞርም፤ ተቀምጬ የሰረቅሁትን እበላ ነበር። ሰባኪ ብሆን ደግሞ ንግግሬን እንዲህ አላሳጥርም።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላሉም። «ቤትዎ ሰፊ ከሆነ የሚመጡብዎትን እንግዶች ለምን እዚያ አያሳድሯቸውም?»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «የልጅ ልጆቼ ናቸው። ትንሹ አስም አለበት። የእኔ ቤት ብናኝ ነው፤ አንዴ አድሮበት ትንፋሽ አጥሮት ነበር።»

«አሁን የት ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«መንገድ ላይ። እያሳለ ነው።»

ባላቸውን አላማከሩም። ወርደው ጓዛቸውን መቋጠር ጀመሩ። «ተነሡ እንጂ! ሕፃን አየር አጥሮት እኛ ባልጋ እንከራከር?»

የእንግዳ መቀበያዋ ሴት እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ እንግዳ አስወጡ ተብሎ የሆቴሉ ባለቤት ይቆጣኛል!»

«አላስወጣሁም፤ ጋበዝኩ» አልኳትና ለሚስቴ ደወልኩ።

«እንግዶች እየላክሁልሽ ነው።»

«ልጆቼ ገቡ?» አለች።

«እነሱ አይደሉም። አራት የጎጃም ሰዎች ናቸው። የማን ናቸው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ እኔም አላውቃቸውም። ክፍላቸውን ለልጆቹ ለቀዋል።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ትገድለኛለህ። እሺ፣ የሚጾም አለ?»

እንግዶቹን በሁለት ባጃጅ ሸኝቼ ስመለስ የእንግዳ መቀበያዋ ሴት አንሶላ ቀይራ፣ የትንኝ መርጫ ይዛ ልትነፋ ጣቷን መጫኛው ላይ አድርጋለች። እንዴት እንደደረስኩ እግዜር ይወቀው፤ ቆርቆሮውን ከእጇ ነጠቅሁት። «ይህን ከነፋሽ ልጁ እዚህ አይገባም!» መስኮቱን ራሴ በረገድኩ፣ ምንጣፉን ራሴ ተሸክሜ አወጣሁ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አስወለወልኩ።

መኪናቸው ግቢ ሲገባ ገና አልመሸም። ልጄ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አልወረደችም። አማቼ ብቻውን ወረደ። እጄን ሳይጨብጥ አልፎኝ ገባ። በመስኮቱ አየዋለሁ፦ ፍራሹን አነሳ፣ ቁም ሣጥኑን ፈቀቅ አድርጎ ጎንበስ አለና አሸተተ። የመሐሉን በር ከፍቶ ሁለተኛውን ክፍልም እንደዚያው አደረገ። የሚቆየውን ያህል ቆየ። ልጄ እኔን ታየኛለች፣ እኔ በሩን አያለሁ። በኋላ ወጣና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። «አውርጃቸው» አላት።

በዚያ ሳምንት ያከናወንኩት እንግዲህ ይህ ነው። ባዶ ክፍል በጠፋበት ከተማ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል አገኘሁ። የማላውቀውን ቤተሰብ አስተናግጄ፣ ልጃቸው ሲመረቅ ከወላጆቹ አጠገብ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ሚስቴ በየጠዋቱ ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ ሆቴሉ ግቢ ከልጅ ልጆቿ ጋር እንድትውል አደረግሁ። ልጆቹን ሶር ወስጄ ከእርጥቡ ድንጋይ አርቄ ፏፏቴውን አሳየሁ። የገበያውን ፎቅ ባለቤት የበረንዳውን ብረት አጠባብቆ እንዲያሠራ አሳመንኩት። አማቼ ሐዋሳ የሚል ቃል ሳያነሳ ሳምንቱን ሞላ። ትንሹ ልጅ ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ ያሳለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለስላሳ ሲጠጣ ሳቅ አምልጦት ትን ብሎት ነው።