ውሻዬን የወሰደችብኝ ሐኪም

አሰላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ጤና ጣቢያ፣ የሕፃናት ክትባት ክፍል ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ ዞር ብሎ «ሲስተር፣ ልጄን የከተብሽው አንቺ ነሽ እኮ» ይለኛል። የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ዘመድ የለኝም፣ አላገባሁምም። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ውሻዬ ብቻ ነበር።

ውሻውን የሰጠኝ አንድ ጋሪ ነጂ ነው። ክረምት ነበር። ከቦይ ያወጣውን ቡችላ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጦት ኖሮ፣ ከገበያ ስመለስ እግሬ ሥር የሆነ ነገር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። «ከወደድሽው ይዘሽው ውረጂ፤ እኔ ለፈረሴም አልበቃሁ» አለኝ። ይዤው ወረድኩ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወተት እያንጠባጠብኩ አሳደግኩት። ሲያድግ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ አንድ ጆሮው የቆመ አንዱ የወደቀ ውሻ ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል የግቢው በር ሥር ይተኛል፤ እኔ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ስታይ ከመሬት ይነሣል። አምስት ዓመት እንደዚህ ኖርን።

ከዚያ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ያለው ክፍል ተከራየ። የገባችው የእንስሳት ሐኪም ናት። የሮቤ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በመሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክል የምትመላለስ፣ ቦት ጫማዋን ሁልጊዜ ውጭ አጥባ የምታሰጣ ልጅ። አከራያችን፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አሮጊት፣ በመጣች በማግስቱ «ዶክተር» ማለት ጀመሩ። እኔ ግን ለወራት ያንን ቃል ከአፌ አላወጣሁትም። «አንቺ ልጅ» ነበር የምላት።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስገባ ውሻዬ ፊት ቁጢጥ አለችና «ኮቱ» አለችው፤ በኦሮምኛ ና ማለቷ ነው። ውሻዬ እንግዳ አይወድም። ውኃ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ አጥር ላይ አስወጥቶታል። ለእሷ ግን ጅራቱን እየቆላ ሄደ። ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አየች፣ የወደቀውን ጆሮውን ገልብጣ ውስጡን አሸተተች፣ ከብብቱ ሦስት መዥገር ነቅላ በድንጋይ ጨፈለቀች። እሱ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ሰቅሎ ተኝቶላታል። ለእኔ እንደዚያ ተንጋሎልኝ አያውቅም።

«ሲስተር፣ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል?» አለችኝ።

«ቡችላ ሳለ አስከትቤዋለሁ።»

«ከዚያ በኋላስ? በየዓመቱ ነው እኮ። ካርድ አለሽ?»

ፊቴ ጋለ። ካርድ አለሽ ወይ ብዬ ስንት እናት ያሳቀቅኩ ሴት ነኝ። «የሆነ ቦታ ይኖራል» አልኳት።

እሷ በክፋት አልጠየቀችኝም፤ ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ማታውኑ ያሉኝን ወረቀቶች ሁሉ አገላብጬ ካርዱን ሳጣው የተናደድኩት በእሷ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አንድ ነገር ነበር። የትል መድኃኒት ለመስጠት እኔ ስንት ዘዴ ሞክሬ፣ በዳቦ ብጠቀልለው ዳቦውን በልቶ ክኒኑን ሲተፋ፣ እሷ አፉን በአውራ ጣቷ ከፍታ፣ ክኒኑን ምላሱ ሥር አስቀምጣ፣ ጉሮሮውን ዳሰስ ስታደርገው ዋጠ። ጥፍሩን ቆረጠችለት። አንድ ሉክ ደብተር ገዝታ ለእሱ ብቻ መዝገብ ከፈተችለት። የአከራያችንን የእህል ሚዛን ተውሳ እሱን ታቅፋ ወጣችበት፤ ከዚያ የራሷን ክብደት ቀነሰችና «ወፍሯል ሲስተር፣ አጥንትና ቅባት ቀንሺለት» አለችኝ። አንድ እናት ልጅዋ ከስቷል ሲሏት እንዴት እንደምትቆጣ ከሥራዬ አውቃለሁ። ወፍሯል መባልም እንደዚያው እንደሚያቆስል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ ነበር። የባሰው በሩ ላይ የሆነው ነው። አንድ ቀን ሥጋ ቤት ገብቼ ትራፊ አስጠቅልዬ ስመጣ በሩ ሥር ተኝቶ አየሁት። ከመታጠፊያው ላይ ስታይ ተነሣ፣ ወደ እኔ መሮጥ ጀመረ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ለካ ከኋላዬ የሞተር ሳይክሏ ድምፅ ተሰምቶት ነው። በአጠገቤ አልፎ ሮጠ፤ ጅራቱ ቀሚሴን መታኝ። ሥጋውን እንደያዝኩ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሞተሯን አቁማ «ጋሪ፣ ጋሪ» ትለዋለች፤ ጎበዝ ማለቷ ነው። እሱም ለኦሮምኛው አንድ ዓመት ያልሞላው መሆኑ አይታወቅበትም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ከገበያ ኦሮምኛ ያላለፍኩ ሰው ነኝ።

የዚያን ምሽት ትራፊውን በሙሉ ሰጠሁት። በማግስቱም ሰጠሁት። አታብዢለት ስላለችኝ አበዛሁለት። ቅዳሜና እሑድ ቤት ውስጥ ዘግቼ አዋልኩት፤ በሩን ሲቧጥጥ አልከፈትኩለትም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በአልጋዬ ጠርዝ ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን በራፌን አንኳኳች። «ቅዳሜ ክሊኒካችን የውሾች ክትባት አለ። ካልተመቸሽ እዚሁ ይዤለት እመጣለሁ።»

«አያስፈልግም» አልኳት። «ውሻው የእኔ ነው። እኔው ወስጄ አስከትበዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ገመድ አስሬለት ወጣን። የወሰድኩት ከልቤ ነበር፣ ይኼን ለራሴ እመሰክራለሁ። ክሊኒኩ አጥር ጋ ስንደርስ ገበሬውም የከተማ ሰውም ውሻውን ይዞ ተሰልፏል። እሷ ነጭ ጋውን ለብሳ መሐል ቆማ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ትስቃለች። ውሻዬ ድምፅዋን ሲሰማ በሁለት እግሩ ቆሞ ጎተተኝ። ገመዱ መዳፌን ላጠው። ሌሎቹ ውሾች መርፌ ፈርተው ወደ ኋላ ይጎትታሉ፣ የእኔው ብቻ ወደ ፊት። አንዲት ሴት «የዶክተር ውሻ ነው መሰለኝ» ስትል ሰማሁ።

አዙሬ ወደ ቤት ጎተትኩት። መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላው እያየ ነው የሄደው።

ስትመለስ «አላየሁሽም እኮ» አለችኝ።

«የግል ሐኪም ጋ አስከተብኩት።»

«ጎበዝ! ካርዱን ስጪኝና መዝገቡ ላይ ልጻፈው።»

«እሺ፣ እፈልገዋለሁ።»

ሰኞ ሥራ ገብቼ አንዲት ከሁሩታ መንገድ በእግሯ የመጣች እናት፣ ቀጠሮ አሳለፍሽ ብዬ ተቆጣኋት። እናቲቱ አንገቷን ደፋች። እጄ ላይ የገመዱ ቁስል ገና አልደረቀም ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የማናውቀው ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ በሰፈራችን ገባ። ሰው «እብድ ነው! እብድ ነው!» እያለ ይጮኻል። የአከራያችን የልጅ ልጆች በሩ ላይ ገመድ ይዘሉ ነበር። ውሻዬ ወጥቶ በመሐል ገባ። ሁለቱ ተያያዙ። የመጣው ውሻ የውሻዬን የፊት እግር ነክሶ ያዘ፤ ጎረምሶች በዱላ ደርሰው እብዱን ውሻ ገደሉት። እኔ ሳላስብ ውሻዬን አቅፌ ወደ ግቢ ጎተትኩት፤ እጄ በደምና በለሃጭ ተነከረ፣ ክንዴም ተቧጨረ።

ሐኪሟ ደረሰች። ጓንት አጥልቃ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ስታጥብ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። እኔንም «እጅሽን ታጠቢ፣ አሁኑኑ፣ ደጋግመሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀና አለች።

«ደግነቱ ተከትቧል። ቶሎ ድጋሚ እንሰጠዋለን፣ ለተወሰነ ጊዜ እናየዋለን። ካርዱን አምጪልኝ ሲስተር።»

እጄን በሳሙና ማሸቴን ቀጠልኩ።

«ሲስተር?»

«አልተከተበም።»

«አስከትቤዋለሁ አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው። ያን ቅዳሜ ክሊኒኩ አጥር ድረስ መጥቼ ነበር። እየጎተተኝ ወደ አንቺ ሲሄድ አየሁና ተመለስኩ።»

አልገባትም መጀመሪያ። ሲገባት ፊቷ ተለወጠ፤ ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለእኔ ብለሽ?» አለች። «በእኔ ምክንያት?»

የተሰደብኩ ያህል አመመኝ።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ያልተከተበ ወይም ጊዜው አልፎበት ካርድ የሌለው ውሻ በእብድ ውሻ ሲነከስ የሚመከረው ሳይሰቃይ እንዲሞት ማድረግ ነው። ሌላው ምርጫ ዛሬውኑ ተከትቦ፣ ሰውም እንስሳም ሳይነካው ስድስት ወር ተነጥሎ መቆየት ነው። አከራያችንን እሷ ለመነችልኝ። አሮጊቷ የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው ብዙ አሰቡ። «እነዚህን ልጆች ያዳነ ውሻ ነው፣ ግን ልጆች ያሉበት ግቢ ነው» አሉ። በመጨረሻ ከጓሮ ያለውን ባዶ የላም በረት ፈቀዱ፤ በድርብ አጥርና በሁለት ቁልፍ።

«ማን ይቀልበዋል?» አልኩ።

«እኔ» አለች። «እኛ በሥራችን ምክንያት ቀድመን ተከትበናል። ገብቶ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት።»

ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ ውሻዬን የምትቀርበው እሷ ብቻ ሆነች። እኔ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ የሥራ ባልደረባዬ እየሳቀችብኝ የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌዬን ተራ በተራ ወሰድኩ። ከሥራ መልስ ዱካ አውጥቼ ከአጥሩ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። እሷ ውስጥ ገብታ በኦሮምኛ ስታወራው እሰማለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ የምትለፋው ለእኔ ውሻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቅናቱ አልለቀቀኝም። እንዲያውም አሁን ጥፋተኛ ስለሆንኩ መናደድም ስለማልችል ውስጤ ገብቶ ነደደ። አንዳንድ ቀን ስትወጣ ልብሷ ላይ የእሱን ፀጉር አያለሁ፤ ልለቅምላት መስዬ አንዱን ይዤ እቀራለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። በግ ታርዶ ድርሻዬን ስቀቅል አላስቻለኝም። እሷ ለበዓሉ ቤተሰቦቼን ልይ ብላ ሮቤ ሄዳለች፤ ምግቡን በረጅም እንጨት እንድገፋለትና አጥንት እንዳልሰጠው ነግራኝ ነበር። እኔ አንድ የጎድን አጥንት በአጥሩ ላይ ወረወርኩለት። ሲቆረጣጥም ከሩቅ ሰማሁት። ከእኔ ነው የተቀበለው ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ስትመለስ ከበረቱ እየሮጠች ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «አልበላም። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል። መዋጥ አልቻለም።»

እነዚህ ምልክቶች ምን ማለት እንደሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን። ኃላፊዋ ዘንድ ልትደውል ስልኳን አወጣች። ከተደወለ ውሻው በዚያው ቀን ይገደላል።

«አጥንት ሰጥቼዋለሁ» አልኩ። አሁን ለመናገር አልዘገየሁም። «ትናንት፣ የጎድን አጥንት። አትስጪው ብለሽኝ ነበር፣ ሰጠሁት።»

ስልኩን ዝቅ አደረገች። አየችኝ። ከዚያ ሮጣ ቦርሳዋን አመጣች። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አደረገች፣ «ጭንቅላትሽን ከአጥሩ አርቂ» አለችኝ፣ በአጥሩ ስንጥቅ በኩል ማደንዘዣ ወጋችው። ተኝቶ ሲረጋ አፉን በእንጨት ከፍታ የስልኳን መብራት አበራች። ብዙ ቆየች። ከዚያ በፒንሳ የሆነ ነገር ስትስብ አየሁ።

ወጥታ አውራ ጣት የሚያህል አጥንት አሳየችኝ። በላይኛው መንጋጋው፣ በግራና በቀኝ ጥርሱ መሐል ተሰንቅሮ ነበር። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን።

«ባትነግሪኝ እኮ ገድዬው ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

በዚያ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የጠራኋት። እሷ ያስተዋለችው አይመስለኝም።

ሐምሌ ላይ፣ በሚያንዘፈዝፍ ካፊያ፣ ሁለቱን ቁልፎች ከፈተች። አከራያችን ልጆቹን በረንዳ ላይ ይዘው ቆመዋል። ውሻዬ ከስቶ፣ ፀጉሩ ረዝሞ ወጣ። እኔ ከበሩ በስተቀኝ ነኝ፣ እሷ በስተግራ። እሷ ሆን ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ እጇንም ከኋላዋ ደበቀች። እሱ ግን ፈልጎ አገኛትና አገጯን ላሰ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፣ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ።

«ሁልጊዜ የማበላው እኔ ስለሆንኩ ነው» አለችኝ፣ ሐፍረት እንደያዛት ሰው።

«አይደለም» አልኳት። «ይወድሻል።»

ይኼን ስል ልቤን ቀለል አላለኝም። እውነት ስለሆነ ብቻ ነው ያልኩት። ዛሬም አብረን እንኖራለን፤ በየሦስት ወሩ ስትመረምረው ጭንቅላቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ጥርሱን ስታይ፣ ሆዱን ስትዳስስ፣ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። እኔም አንገቱን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ ትንሽ ከሚገባው በላይ።