በሰርቨሩ ሞት የተከሰሰችው ዓይናለም

የምሥራች! «ምሥር ብዪ» በሉኝ እንጂ፣ ምን ዝም ትላላችሁ? ጥፋተኛው ተያዘ! እጅ የለው፣ እግር የለው፣ መጥረጊያም ይዞ አያውቅ። ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር የኮምፒውተር ዲስክ ነው። በእሱ ኃጢአት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሟ ሲብጠለጠል የከረመባት ግን የማርካ ሰፈሯ ዓይናለም ነበረች። ምሥራቹም የእሷ ነው።

ዓይናለም በሰዓት እየሠራች የምታድር፣ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ቁመቷ አጭር፣ ቂሟ ረጅም ሴት ናት። ኮምቦልቻ ሳለች የአንድ ፋብሪካ ኮምፒውተሮች በእጇ ነበሩ። ዮርዳኖስ፣ አማን ከመጣች ወዲህ ይህን የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረች። ስዌፍየህ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ ስድስት ቢሮ ታጸዳ ነበር። አንድ ልማድ አላት፦ ክፍል ስትገባ ስልኳን አውጥታ አራቱንም ማዕዘን ፎቶ ታነሣለች፤ ጨርሳ ስትወጣ ደግሞ እንደገና። ይህን ያስተማረቻት ኡም ኡዘይና የሚባለው ሰፈር ያለች ማዳም ናት፤ ድሮ የተሰነጠቀ የአበባ ማስቀመጫ «አንቺ ነሽ የሰበርሽው» ብላ አስለቅሳ አባራታለች። ከዚያ ወዲህ ዓይናለም ፎቶ ሳታነሣ ጨርቅ አትጨምቅም።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው የመድኃኒት አስመጪ ቢሮ ሰርቨሩ ሞቶ ተገኘ። የቢሮው ፋይል ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው፤ ሲቆም ሁሉም እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ከዚያ በፊትም ይሞት ነበር፤ የኮምፒውተር ኃላፊው ያሲን ግን ሰው ሳይገባ አጥፍቶ እያበራ ይሸፋፍነው ነበር። ያሲን «ሙሐንዲስ» ካላሉት የማይዞር፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰውዬ ነው። ያን ሰኞ አለቃዋ ሲት ሲሃም ቀደመችው። ምክንያት አጣ፤ ዞር ሲል ዓይናለም የመጥረጊያ ማሽኗን ገመድ ትጠቀልላለች።

«ይቺ ናት! የሰርቨሩን ገመድ ነቅላ የራሷን ሰክታለች!»

«ዋላሂ አልነካሁም! ስገባም ቆሞ ነበር፤ ፎቶ አለኝ።»

«ስልክሽን ዝጊ። አንቺ ስለ ባልዲሽ አውሪ፣ ስለ ሰርቨር እኔ አወራለሁ።»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ሲሃም አልሳቀችም፤ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ተቀበለቻት እንጂ። ዓይናለም ባልዲዋን እንኳ ሳታነሣ ወጣች። ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ያሲን የሕንፃው ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ «ጽዳቷ ሰርቨር ገደለች፤ ተጠንቀቁ» ብሎ ጽፏል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የቀሩት አምስት ቢሮዎችም «አትምጪ» አሏት።

ቤቷ ገብታ የስድስት ሳምንቱን ፎቶ ከፈተች። አምስቱ ላይ የሰርቨሩ ስክሪን ጠቁሮ ነጭ ጽሑፍ ሞልቶታል። አጎላችው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማሽኑን ከሥር ይዞ የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ከርነል ይባላል። ይህ ከርነል ፋይሎቹ ከተደረደሩበት አንድ ቦታ ማንበብ አቅቶት፣ «ከዚህ በላይ ብሄድ የቀረውንም አጠፋለሁ» ብሎ ደንግጦ ራሱን አቁሟል። ያቃተውን ቦታ ቁጥርም ጽፏል፤ መጨረሻው 7712። ሁለተኛውም ፎቶ 7712። አምስቱም 7712!

«ምን ትጠብቂያለሽ? አሁኑኑ ላኪላቸው!» አለቻት አብራት የምትኖረው ቀለሟ።

«አልልክም።»

«አበድሽ እንዴ?»

«እኔን አባረሩ፤ እንግዲህ ማንን ይከሳሉ? ይሙትባቸው። ደጋግሞ ይሙትባቸው! እኔ የምናገረው በሳቁብኝ ቦታ ቆሜ ነው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሰርቨሩም አላሳፈራትም፤ እሷ በሌለችበት ሦስት ጊዜ ሞተ። በሦስተኛው ሳምንት ሲሃም ራሷ ደወለች። ያሲን «ሌላም ገመድ ነካክታለች፤ መጥታ ታሳይ» ብሏት ኖሯል። ዓይናለም የክት ቀሚሷን ለብሳ ሄደች።

ሁሉም ተሰብስበዋል። ነጩ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ነው።

«የቱን ነው የነቀልሽው?» አለ ያሲን።

«ሙሐንዲስ፣ ገመድ ሲነቀል ስክሪኑ ምን ይሆናል?» አለች ድምፅዋን አለስልሳ።

«ድርግም ይላላ!»

«ድርግም ካለ ይህን ሁሉ ማን ጻፈው? አንገቱን በአንዴ የተቀላ ኑዛዜ ይጽፋል እንዴ?»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ዓይናለም ጣቷን ቀሰረች። «እስቲ ያን ቁጥር አንብብልን። መጨረሻውን።»

ያሲን ወደ ሲሃም አየ።

«አንብብ» አለችው።

«ሰባት… ሰባት… አንድ፣ ሁለት።»

ስልኳን ለሲሃም ሰጠቻት። «ሰዓቱን እዪው፤ በገባሁበት ደቂቃ የተነሡ ናቸው። አምስቱም ላይ ቁጥሩ ያው ነው። ገመድ መንቀል ሁልጊዜ አንድ ቦታ መርጦ አያበላሽም፤ የታመመው ዲስኩ ነው። ፋይሎቹ የተደረደሩበትን ፋይል ሲስተም ፈትሾት ያውቅ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«ፈትሸኸዋል?»

«ፍተሻው ረጅም ሰዓት ይወስዳል… ሥራ እንዳይቆም ብዬ ዘለልኩት።»

አይ ያሲን! ይባስ ብሎ «አሁኑኑ እጠግነዋለሁ» እያለ ወደ ኪቦርዱ ተንደረደረ።

«እጅህን አንሣ!» አለችው። «በሚሞት ዲስክ ላይ ጥገና ከጀመርክ የተረፈውንም ትቀብረዋለህ። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ እንቅዳ፤ የምንጠግነው ቅጂውን ነው።»

ሲሃም ወንበሩን ለዓይናለም ሳበችላት። ሰርቨሩን ከፍላሽ አስነሥታ ስትቀዳና ስትፈትሽ ዋለች፤ ያሲን ዲስክ አቀባይ፣ ሻይ አመላላሽ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰርቨሩ በአዲስ ዲስክ ተነሣ። ከጥቂት ፋይሎች በቀር ሁሉም ተረፈ።

«ሐቢብቲ፣ ከነገ ጀምሮ ተመለሺልን» አለች ሲሃም።

«አስብበታለሁ። በፊት ግን ሙሐንዲስ እዚያው ግሩፕ ላይ ይጻፍ።»

ቃል በቃል አስጻፈችው፦ «ሰርቨሩን የገደለው የተበላሸ ዲስክ ነው። ሳልፈትሽ ዓይናለምን የከሰስኩ እኔ ነኝ።»

«‹ሳልፈትሽ› የምትለዋን ዘለልክ» ብላም አስመለሰችው።

«ኻላስ፣ በቃ! ሌላስ አለ?» አላት፣ ላቡ ሽቶውን አሸንፎት።

«ባልዲዬ። እስከ በር አድርስልኝ።»

ተሸክሞ ወረደ። የሁሉም ቢሮ በር ተከፍቶ ሰው ይመለከታል፤ እሷ ከፊት እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች ትወርዳለች። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አለች።

«ቁም እስቲ፣ አትንቀሳቀስ። ጨርሼ ስወጣ ፎቶ ሳላነሣ አልሄድም።»

በዚያው ዕለት አምስቱም ቢሮዎች «ነይ» ብለው ደወሉላት። ፎቶው ይኸው ስልኬ ላይ ነው፤ ባልዲው እንዴት አምሮበታል! ደግሞ የአበባ ማስቀመጫዋ ማዳም ቤት ዛሬ የምትሠራው ጓደኛዬ ናጂያ ናት፤ በሩን ትከፍትልኛለች። ወደ ኡም ኡዘይና የሚሄደው ሰርቪስ ታክሲ እየሞላ ነው፤ ልሩጥ፣ ማዳሟ ከቤት ሳትወጣ ደርሼ ይህን ፎቶ ላሳያት!